የማስታወቂያዋ በቅሎ

ታገኘ የሞተው በገዛ በረቱ ደጃፍ ነው። ከዳባት ወጣ ብላ ካለችው መንደሩ ስንደርስ ሬሳው ላይ ጋቢ ጣል ተደርጎበታል፤ መንደርተኛው ደግሞ ዙሪያውን እንደ አውድማ ረግጦታል። "ማንም እንዳይጠጋ" ብዬ በስልክ ለምኜ ነበር። ያልተጠጋ ሰው አልነበረም። አንዱማ ደሙ ላይ አፈር በትኖበት "ለሬሳው ክብር ብዬ ነው ጌታዬ" አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል!

እኔ ኢንስፔክተር አለምነህ የደባርቅ መርማሪ ነኝ። የዳባቱ መርማሪ ሥልጠና ሄዶ ስለነበር ጉዳዩ እኔ ላይ ወደቀ። ኅዳር 2007 ነበር፤ እህል የሚታጨድበት፣ ፈረንጅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚጎርፍበት፣ መብራትና ኔትወርክ ደግሞ ተራ ገብተው የሚጠፉበት ወር።

ሟቹ ከጆሮው በላይ በዱላ ተመትቷል። ሲወድቅ ጭንቅላቱ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ተላትሟል። በረቱ ውስጥ በሬዎቹ ቆመው ያመነዥካሉ፤ የበቅሎዋ ቦታ ግን ባዶ ነው። የታሰረችበት ገመድ አልተቆረጠም፤ በእርጋታ ተፈቶ አብሯት ሄዷል። ኮርቻው፣ ግላሱና ልጓሙ እንዳሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

"በቅሎ ሰርቆ ኮርቻ የሚተው ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው?" ብዬ አብሮኝ ያለውን ፖሊስ ጠየቅሁት።

"የቸኮለ ይሆናል" አለኝ።

የቸኮለ ሰው ገመድ ይቆርጣል እንጂ ቋጠሮ አይፈታም።

የሟች ሚስት እትዬ ዘቢደር የዚያን ቀን ጎረቤት ደብር ተዝካር ላይ ነበሩ። ሲመለሱ ነው ባላቸውን ወድቆ ያገኙት። ሴቶች ከግራና ከቀኝ ደግፈዋቸው መጡ።

"ጠላት ነበረበት ወይ?" አልኳቸው።

"ታገኘ? ታገኘማ ከዶሮ ጋርም ተጣልቶ አያውቅ።"

"በቅሎዋንስ ማን ይፈልጋት ነበር?"

"ማን የማይፈልጋት አለ ልጄ! ማስታወቂያ አስወጣባት እኮ፤ በዚያ ኢንተርኔት በሚሉት። የቤትህን ነገር አደባባይ አታውጣ ብዬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አላርፍ አለ።" ከዚያ በኋላ ልቅሶው ስለጸና ጥያቄዬን ይዤ ተመለስኩ።

*

ማስታወቂያውን ያወጣለት አለነ የሚባል ሰው ነው። ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት አለው፤ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ ያልተማረ ሰው ንብረቱን በኢንተርኔት ገበያ እንዲሸጥ ማስታወቂያ ይጽፋል። በሥራው የሚኮራ ሰው ነው። ሳልጠይቀው ያስተምረኝ ጀመር።

"መለጠፍማ ማንም ይለጥፋል ኢንስፔክተር። ስልክ የሚያስደውል ማስታወቂያ ግን ጥበብ ነው። ርዕሱ ላይ ገዢው ፈልጎ የሚጽፋትን ቃል ያስገባሉ። ቦታውን ይናገራሉ። ፎቶው ላይ ከሚሸጠው ነገር በቀር ምንም መታየት የለበትም፤ ትርፉን ሁሉ ቆርጠው ይጥላሉ። ማር የምሸጥለት ሰው ነበር፤ ፎቶው ላይ እንስራው ጎን የሚስቱ እግር ይታያል። ማን ይደውልለታል?"

"የታገኘን ነገር ንገረኝ" አልኩት።

"እሱማ አሰቃየኝ! 'ትሰግራለች ወይ?' ስለው 'ትሄዳለች' ይለኛል። 'ገራም ናት?' ስለው 'በቅሎ ናት' ይለኛል። ዕድሜዋን ብጠይቀው 'እሱ ያውቃል' ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። ፎቶውን በሚሞሪ ካርድ ሰጠኝና ፊቱን አዙሮ ቆመ፤ ስክሪኑን እንኳ አላየም። ሙገሳውን በሙሉ ፎቶዋን እያየሁ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

መብራት መጥቶ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ጠበቅን። ፎቶው ላይ ያለችው በእርግጥም መልከ መልካም ዳማ፣ ቀላ ያለች ቡናማ በቅሎ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ "ለሽያጭ የቀረበች ዳማ ሰጋር በቅሎ፣ ዳባት። ጤነኛና ገራም፣ ለጉዞም ለሠርግም የምትሆን። ባለቤቱን በቀጥታ ያነጋግሩ፤ ያለ ደላላ።"

"አጭር ናት" አልኩት።

"አጭር ስለሆነች ነው የሠራችው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ደግሞ ማር ናት። 'ያለ ደላላ' የምትል ከገባች ስልክ አያርፍም።"

ፎቶውን ወደ ስልኬ አስገልብጬ በሠልስቱ ዕለት እትዬ ዘቢደር ዘንድ ሄድኩ። ስልኩን አስጠግቼ "ለማስታወቂያው ይህን ፎቶ የሰጠው ባለቤትዎ ነው?" አልኳቸው።

"አዎ፣ እሱ ነው ያነሳው። ደባርቅ ሄዶ ነው ያነሳው" አሉኝ።

በቃኝ። አመስግኜ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

*

ወደ ታገኘ ስልክ መጨረሻ ላይ የደወለው ጎንደር ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሀብተ ሚካኤል የሚባል ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ብቻ ደብዳቤ ስጽፍና ደብዳቤው ማኅተም የለውም ተብሎ ሲመለስልኝ ከረምኩ። በመጨረሻ በሚኒባስ ጎንደር ወረድኩ። ሰውየው ገና ስሙን ስጠራ በንዴት ቀላ።

"ያን አታላይ አገኛችሁት?"

"ሞቶ አገኘነው።"

ተቀመጠ። ውሃ ጠጣ። ታገኘ በሞተበት ቀን በቅሎዋን ሊያይ ወደ ዳባት ተነስቶ ነበር፤ ግን አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪናው ተበላሸችበት። እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሲሟገት ዋለ፤ ታገኘ ስልክ አላነሳ ሲለው ማስታወቂያው ሥር "ውሸታም ሻጭ፣ እንዳትሸወዱ" ብሎ ጽፎ ተመለሰ። ስመለስ ጋራዡ ገብቼ ጠየቅሁ። መካኒኩ ሀብተ ሚካኤልን ያስታውሰዋል፤ ያን የመሰለ ተሳዳቢ ደንበኛ አይረሳም።

"ከመሞቱ በፊት ምን አለህ?" ብዬ ሀብተ ሚካኤልን ጠይቄው ነበር።

"ምን ይለኛል! 'እንደ ፎቶዋ ናት ወይ?' ስለው 'ከመጣህ በዐይንህ ታያለህ' አለኝ። ስሟን እንኳ አልነገረኝም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚሉት ለካ እውነት ነው።"

እኔም አብሬው ሳቅሁ። እንደ ፎቶዋ ናት ወይ የሚለው ጥያቄ ግን የኔ መሆን ነበረበት።

*

ዳባት ገበያ ላይ የተገኘውን ሁሉ ጠየቅሁ። በቅሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በአንድ ሰው በኩል ነው፤ አያ ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ። ከወገራ እስከ ጃናሞራ በቅሎ በዐይናቸው ለይተው የሚያውቁ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ደላላ ናቸው። በታገኘ ቀብር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወንድሜ!" እያሉ ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። ታገኘ የሞተው በገበያ ቀን ነውና ለደንቡ ያህል የዚያን ቀን የት እንደዋሉ ሰዉን ጠየቅሁ።

"አያ ወልደ ሩፋኤል? ገበያ ነዋ! ሌላ የት ይሄዳሉ?" ይለኛል ሁሉም።

በዚህ መካከል ስሜን ተራሮች ላይ ካለው የሳንቃ በር ካምፕ ባልደረባችን ደወለ። የፎቶዋን በቅሎ አግኝቷታል። ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ፤ የፈረንጅ ድንኳን ጭና ካምፑ ውስጥ ቆማለች። የሚነዳት ገዱ የሚባል በቅሎ ጫኝ ነው። ሰውየውንም በቅሎዋንም ይዘን ወረድን። ገዱ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ "የኔ ናት ጌታዬ። ግልገል ሆና በእጄ ያሳደግኋት ናት። ጫኞቹን ጠይቁ።"

ጫኞቹን ጠየቅን። ሁሉም የገዱ ናት አሉ። የጣቢያችን አለቃ ኮማንደሩ ከት ብሎ ሳቀ።

"ጫኝ በጫኝ ላይ ሲመሰክር አይተህ ታውቃለህ? ገለልተኛ ሰው አምጣ" አለኝ።

አያ ወልደ ሩፋኤልን አስመጣን። ጣቢያው ግቢ ውስጥ በቅሎዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ጥርሷን ገልጠው አዩ። ወገቧን በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ፤ እኔን አዩኝ፤ ኮማንደሩን አዩት።

"ናት" አሉ። "የታገኘ በቅሎ ናት። ምስኪን ወንድሜ።"

ገዱ ያን ሲሰማ አልጮኸም። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

*

ጉዳዩ አልቋል ተባለ። የገዱ ሚስት ስንቄ ግን አላለቀላትም። በየቀኑ ከመንደሯ ትመጣለች፤ በአንድ እጇ የባሏን ምሳ፣ በሌላው እቅፍ ሙሉ ድርቆሽ ይዛ። በቅሎዋ ኤግዚቢት፣ የተያዘ ማስረጃ፣ ስለሆነች ግቢው ውስጥ ካለው ምሰሶ ጋር ታስራለች። ለኤግዚቢት የተመደበ ድርቆሽ የለም። ስጠይቅ ኮማንደሩ "ክላሽ ድርቆሽ ይበላል እንዴ? ኤግዚቢት ኤግዚቢት ነው" አለኝ። ዘበኛው ሲያዝንላት ብቻ ውሃ ያቀርብላታል።

"ባሌን እሰሩት፣ እሺ" አለችኝ ስንቄ አንድ ቀን መንገዴን ዘግታ። "እሷ ምን አደረገች? የምንበላው በሷ ነው። ጭነት በተራ መሆኑን ያውቃሉ፤ ፈረንጅ ሲመጣ ተራው የደረሰ ጫኝ ይወጣል። የገዱ ተራ ሲደርስ ይዘሉታል፣ ሲደርስ ይዘሉታል። ክረምት ሲገባ ምን ልንበላ ነው?"

"ምስክር አለበት ስንቄ።"

"ምስክርዎ ይዋሻል።"

"ሽማግሌ ሰው ለምን ይዋሻል?"

"እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ! መርማሪው ማን ሆነና?"

ቀን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። በሷ አልነበረም የተናደድኩት። ገመዱ ተፈትቶ ኮርቻው የተተወበት ምክንያት አሁንም አልገባኝም፤ ገዱ ደግሞ ኮርቻ ቢያገኝ የማይተው ድሃ ሰው ነው። ለኮማንደሩ ይህን ስነግረው "አንተ ሰላም አትወድም" አለኝ።

*

ለእትዬ ዘቢደር የምሥራች መንገር ስለነበረብኝ በአርባው ሰሞን ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"በቅሎዎ ተገኝታለች። ጉዳዩ ሲያልቅ ይረከቧታል" አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ። "ግራጫዬ ተገኘች? ተመስገን!"

"ግራጫ?"

"አዎ፣ ግራጫዬ።"

"ዳማ ናት እትዬ ዘቢደር። ነጭ ነጥብ ያላት።"

"ዳማ በቅሎ እኛ ቤት ኖሮ አያውቅም ልጄ።"

ስልኬን አወጣሁ። ፎቶዋን አሳየኋቸው። እንደ ሕፃን አዘኑልኝ።

"እሷማ የማስታወቂያዋ ናት" አሉኝ። "የኛን እንዴት አድርጎ ያወጣታል? ያልተሸጠች በቅሎ መልኳ ለሺህ ዐይን ይሰጣል እንዴ? ዐይን ክፉ ነው። ታገኘ እንኳንስ ፎቶ፣ ሰው ሲመጣ በረት ያስገባት ነበር፤ 'ሰጋር ናት' ብሎ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ደባርቅ ላይ የሰው በቅሎ ቆማ አገኘና እሷን አንስቶ ሰጠ። ገዢው ሲመጣ እውነተኛዋን ያያል፤ የኔዋ ትበልጣለች እንጂ አታንስም፤ ማን ይጎዳል አለኝ።"

"ያን ጊዜ ፎቶውን ሳሳይዎት ለምን አልነገሩኝም?"

"ፎቶውን እሱ ነው ወይ የሰጠው አልከኝ። እሱ ነው አልኩህ።"

እውነታቸውን ነው። መንደሩ ሁሉ የታገኘ በቅሎ ግራጫ መሆኗን ያውቃል፤ ቀለሟን የጠየቀ ግን የለም። ፎቶ እያለ ማን ቀለም ይጠይቃል? ራሴን በጥፊ ብመታ ደስ ባለኝ።

"ዓመል ነበራት?" አልኳቸው፤ አሁን እንኳ የሚጠየቀውን ልጠይቅ ብዬ።

"ትንሽ አላት። ወንዝ መሐል ስትደርስ ትተኛለች። የደብራችንን አለቃ አንድ ጊዜ ከነካባቸው አጥምቃቸዋለች። እሱን ገዢው ሲመጣ ታገኘ በአፉ ሊነግረው ነበር፤ ዓመል ሳይነገር ከብት አይሸጥም። ያን ደግሞ ከቤታችን ሰው፣ ከአለቃውና በግልገልነቷ ካመጣልን ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።"

"ማን ነው ያመጣላችሁ?"

"አያ ወልደ ሩፋኤል ነዋ። ሌላ ማን በቅሎ ያመጣል?"

*

ደባርቅ ስገባ ቀጥታ አለነ ዘንድ ሄድኩ። ታገኘ የሰጠው ፎቶ ሳይቆረጥ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ከፈተው። ከዳማዋ በቅሎ ጎን ገመዷን የያዘ ሰው ቆሟል፤ ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ ወርዷል፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። ገዱ ነው። ሟቹ ገና በሕይወት ሳለ ገዱ የራሱን በቅሎ ይዞ ቆሟል።

"ይህን ቆርጠህ ጣልከው?" አልኩት።

"ሰው ይታያላ! ነግሬዎታለሁ፤ ፎቶው ላይ ከሚሸጠው ነገር በቀር..." ቃሉን አልጨረሰም።

አትሜ ለኮማንደሩ ወሰድኩለት። አነሳው፣ አዞረው፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"እሺ፣ ሌላ በቅሎ ናት እንበል። ሽማግሌው ዐይናቸው ደክሞ ተሳስተው ይሆናል። የሟቹ በቅሎ ታዲያ የት አለች? ግራጫዋን አምጣና ገዱን ልፍታው።"

"ሰውየው እስከዚያ ይታሰራል?"

"አለበለዚያ ምን ብዬ ሪፖርት ልጻፍ? ገዳይ የለም ልበል?"

በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። የሰው ዕድሜ በሪፖርት ይለካል እንዴ! ዐይናቸው ደክሟል የተባሉት ሽማግሌ የበቅሎን ጥርስ ገልጠው ያነበቡ ሰው ናቸው። ግን ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ግራጫዋ ታስፈልገኛለች፤ ግራጫዋ ደግሞ የት ተደብቃ እንዳለች አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው ማስታወቂያ ያሰብኩት። ጽሑፉን ራሴ አዘጋጀሁና ለአለነ አነበብኩለት፦ "ግራጫ በቅሎ ያለው ግለሰብ በአስቸኳይ ከዚህ በታች በተጠቀሰው ስልክ እንዲያሳውቅ ይጠየቃል።"

አለነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ኢንስፔክተር፣ ይሄ መጥሪያ ነው። በዚህማ ግራጫ ጋቢ ያለው ሰው ሁሉ ይሸሻል።"

"አንተ ጻፈዋ!"

ጻፈ። አንዲቷን ቃል አንስቶ ሌላ ይተካል፣ ያስባል፣ ይሰርዛል። እንዲህ ሲሠራ ያየሁት ጸሐፊ የለም። "ለምን እንደፈለግን መናገር አለብን፤ ምክንያት የሌለው ገዢ ፖሊስ ይመስላል" አለኝ። "ፎቶ ላኩ አንልም፤ ፎቶ የሚፈራ ሰው ነው የምንፈልገው። ዋጋም አንጠራም፤ ብዙ ካልን ይጠረጥራል፣ ጥቂት ካልን ይንቃል።" በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦ "ሰጋር ግራጫ በቅሎ ለሙሽራ እንፈልጋለን። ሠርጉ ባሕር ዳር ነው። ከሻጩ ወይም ከደላላው ጋር በአክብሮት እንነጋገራለን።"

"ደላላ ለምን አስገባህ?"

"እርስዎ የሚጠረጥሩት ሰው ደላላ ነው አላሉኝም?"

ከዳባት ገበያ በፊት ለጠፍነው። የአለነ ስልክ ይጮህ ጀመር፤ ጉዳችን ፈላ። አንዱ ግራጫ አህያ አለኝ አለ። ሌላው ባጃጅ ለሙሽራ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። አንዲት ሴት ስለ ሙሽራዋ ቁመት ጠየቀች። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ሲመለስ ደግሞ መብራት ጠፋ። ስንቄ በመስኮት ታየኛለች፤ ድርቆሿን ታቅፋ ወደ ጣቢያው ትሄዳለች።

በሚቀጥለው ገበያ ማግስት ስልኩ ጮኸ። አለነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ጤና ይስጥልኝ ልጄ" አለ ድምፁ፣ ረጋ ብሎ። "በቅሎ ትፈልጋለህ አሉኝ። ደላላንም አክብረህ ጠራህ አሉኝ፤ ተባረክ። ግራጫ አለችኝ። ስትሰግር በጀርባዋ ላይ ጠላ ብታስቀምጥ አይፈስም። ዛሪማ ወርደህ ታያታለህ።"

"እሺ አባቴ፣ እንመጣለን" አለ አለነ።

"ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። ዓመሏን ሳልነግርህ ገንዘብህን ብቀበል ኃጢአት ነው። ወንዝ መሐል ትተኛለች። ሙሽራዋን ይዛ ውሃ ስትገባ እንዳታሳፍርህ፤ ወርደህ ሳባት።"

ዓመል ያወጣል ከመሐል ይላሉ። ሰው ገድሎ ዝም ያለ አፍ የበቅሎ ዓመል መደበቅ አልቻለም። ድምፁንም ለይቼዋለሁ፤ የወልደ ሩፋኤል ነው።

*

ዛሪማ ቆላ ነው፤ ሊማሊሞን ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ። በአንድ አማቹ ግቢ ውስጥ ግራጫዋ በቅሎ ጥላ ሥር ቆማለች። ወልደ ሩፋኤል ገመዷን ይዞ የባሕር ዳሩን ሰው ይጠብቃል። እኔን ሲያይ ገመዱን አልለቀቀም።

"ልጁ በስልክ ጨዋ ይመስል ነበር" አለኝ።

ያን የገበያ ቀን በሱ አማካይነት የተሸጠ አንድም ከብት እንዳልነበረ በኋላ አጣራሁ። ሁልጊዜ ገበያ የሚውል ሰው ስለሆነ ያላየው ሁሉ ያየው መስሎታል። በቅሎዋን በባዶ ጀርባዋ እየሳበ ሲሄድ ደግሞ መንገደኛው ዞር ብሎ አላየውም፤ ሥራው ነው። ኮርቻ ጭኖ ቢሄድ ግን የማን ናት ይሉት ነበር።

ሊማሊሞን ስንወጣ ፒክአፓችን እያቃሰተች ትሄዳለች። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ገደሉን ያያል።

"ዕድሜዬን ሙሉ የታገኘን ከብት የሸጥኩት እኔ ነኝ" አለ ሳልጠይቀው። "አንድ ቀን ገበያ መሐል አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ አነበበው። ታገኘ በቅሎ ይሸጣል አለ። 'ያለ ደላላ' ብሎ አስጽፏል አለ። ሰው ሁሉ እኔን እያየ ሳቀ። ቤቱ ሄጄ ምን በደልኩህ አልኩት። 'እኔ አላልኩም፣ ልጁ ነው የጻፈው' አለኝ። ዋሸኝ ብዬ መታሁት። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ሲወድቅ ሌባ የገባ እንዲመስል ብዬ በቅሎዋን ፈታሁ።"

"አልዋሸህም" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ።

"ልጁ ነው የጻፈው። ታገኘ የተጻፈውን አላነበበውም። ስክሪኑን እንኳ አላየውም።"

ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

"ገዱንስ?" አልኩት፣ ንዴቴ ገና አልበረደምና። "ያን ምስኪን ለምን አሳሰርክ?"

"ስዕሉን አሳያችሁኝ። ናት ወይ አላችሁኝ። ናት እንድላችሁ ነበር የፈለጋችሁት።"



ታገኘን ያስገደለው 'ያለ ደላላ' የምትለው ቃል መሆኗን ለአለነ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ሳይሰማ ብዬ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ እየከፈተ ያችን ቃል ሲያጠፋ ዋለ። "ማር ናት ብዬዎት ነበር" አለኝ፤ ከዚያም ቀጣዩን ከፈተ።

*

ገዱ በማግስቱ ተፈታ። ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም። ኮማንደሩ ወረቀት አስፈርሞት "ሂድ፣ ነፃ ነህ" አለው። ገዱ ከእስር ክፍሉ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄደ።

በቅሎዋ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ገመዱ አንገቷን ልጦ ዝንብ ሰፍሮበታል። ገዱን ስታየው ጆሮዋን አቆመች እንጂ ለመንቀሳቀስ ጉልበት አልነበራትም። እጁን ቋጠሮው ላይ ሲያሳርፍ ዘበኛው ጮኸበት።

ወደ ኮማንደሩ ቢሮ ተመለስኩ። "በቅሎዋንም ፍታት እንጂ!"

"አይቻልም። በኤግዚቢትነት ተመዝግባ ለዞን ሪፖርት ተደርጋለች። የዞኑ ደብዳቤ እስኪመጣ ትቆያለች።"

"የማንም ማስረጃ አይደለችም እኮ! የሟቹ በቅሎ ተገኝታለች።"

"አውቃለሁ። ደብዳቤው ላይ ግን እሷ ናት ያለችው።"

"ደብዳቤው እስኪመጣ ትሞታለች።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ አለምነህ?" አለኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ስንቄ አጥሩ ሥር ቆማለች። ገዱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ለበቅሎዋ እግር አስደግፏል።

"ቤትህ ሂድ ገዱ። ተፈተሃል" አለው ዘበኛው።

"እሷ ካልተፈታች የቱ ጋ ነው የተፈታሁት? ብሄድስ በምን ልኖር?" አለ ገዱ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እዚሁ እቆያለሁ። ከሷ ጋር ጻፉኝ።"

ሰው ስታስር የሚያስፈልገው አንድ የሽማግሌ ቃል ነው። ስትፈታ ግን ዞን አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ ማኅተም አለ። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ሄጄ ገመዱን ፈታሁት። ዘበኛው "ኢንስፔክተር!" ብሎ ቀረ። ቋጠሮው ጠንክሮ ስለነበር ጥርሴን ተጠቀምኩ። የገመዱን ጫፍ ለገዱ ሰጠሁት። ከኋላዬ ኮማንደሩ በመስኮት ስሜን ሲጠራ ሰማሁ፤ ዞር አላልኩም።

ገዱ አላመሰገነኝም። ተነስቶ የበቅሎዋን እግሮች አንድ በአንድ እያነሳ ሰኮናዋን አየ፤ አንገቷ ላይ ያለውን ቁስል በትንፋሹ እፍ አለበት። ከዚያ የግቢውን በር ከፍቼ ስጠብቀው በአጠገቤ አልፎ ወጣ። በቅሎዋ በየእርምጃዋ ትቆማለች፤ እሱም አብሯት ይቆማል። ስንቄ ከኋላ ሆና በሁለት እጇ ትደግፋታለች። ወደ ሳንቃ በር የሚወስደው ዳገት ገና ከፊታቸው ነበር።